ትርጉም የሌለው ምልክት ፍለጋ፦ ከቀይ መስቀል እስከ ቀይ ክሪስታል

በአፍሪካ ቀንድ የአምቡላንሶችን ጎን እያየ የሚጓዝ ሰው በካርታ ላይ ያልተሰመረ ድንበር ይሻገራል። ሱዳን፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ውስጥ በዕርዳታ ማኅበሩ መኪና ላይ ያለው ቀይ ጨረቃ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ደቡብ ሱዳን ውስጥ ቀይ መስቀል። ኤርትራ ሁለቱን ጎን ለጎን መጠቀምን መረጠች፤ ማኅበሯም የዓለም አቀፉን የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ንቅናቄ ዕውቅና ሳያገኝ ቆየ። ሥራው አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ ቀለሙም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ቅርጹ ላይ ብቻ ነው። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ምልክት፣ ቀይ ክሪስታል፣ በሕግ ጸንቷል፤ ብዙ ሰው ግን መንገድ ላይ ቢያየው ምን እንደሆነ አይለየውም። አሁን የሚመከርበት አራተኛው ምልክት ጭራሽ በዓይን የማይታይ፣ በኮምፒውተር ብቻ የሚነበብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሃይማኖት ጭቅጭቅ ተደርጎ ነው፤ ክርስቲያኑ መስቀሉን፣ ሙስሊሙ ጨረቃውን ያዘ ይባላል። ይህ አባባል ግማሹን እንኳ አያስረዳም። በዓለም ትልቁ የሙስሊም ሕዝብ ያለባት ኢንዶኔዥያ የምትጠቀመው ቀይ መስቀል ነው፤ ሴኔጋልና ማሊም እንዲሁ። ነገሩን ለመረዳት ምልክቱ ለማን ዓይን እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ተመልካች ያለው ሥዕል

ዓርማው በጄኔቫ ስምምነቶች መሠረት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው ጥበቃ ነው። በጦርነት ጊዜ በሆስፒታል ጣሪያ፣ በአምቡላንስ ጎን፣ በሐኪም ክንድ ላይ ሲውል “አትተኩስ” ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ትልቅ፣ ጽሑፍ የሌለበትና ከሩቅ የሚለይ መሆን አለበት። ሁለተኛው መታወቂያነት ነው። ሰውዬው ወይም ዕቃው የብሔራዊው ማኅበር መሆኑን ያሳያል፤ በደብዳቤ ራስጌ፣ በበጎ ፈቃደኛ ሰደርያ፣ በደም መለገሻ ድንኳን ላይ አነስ ብሎ ከማኅበሩ ስም ጋር ይቀመጣል።

ክርክሩ ሁሉ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ጥበቃው የተሠራው ለጠላት ዓይን ነው፦ ለአውሮፕላን አብራሪው፣ ለመድፈኛው፣ ኬላ ላይ ለቆመው ወታደር። መታወቂያው የተሠራው ለወገን ነው፦ ደም ለሚለግሰው፣ ለሚያዋጣው፣ ሰደርያውን ለሚለብሰው ወጣት። ጠላት እንዲያውቀው ምልክቱ የትም አገር ቢሄዱ አንድ መሆን ይኖርበታል፤ ወገን የኔ እንዲለው ደግሞ የአገሩን መልክ ቢይዝ ይመረጣል። ሁለቱን ፍላጎት እኩል የሚያረካ ሥዕል የለም። ከመቶ ዓመት በላይ የተካሄደው ድርድር ከዚህኛው ቀንሶ ለዚያኛው የመጨመር ድርድር ነበር።

ለግራፊክ ባለሙያ እንግዳ የሚሆን አንድ ነገርም አለ። ማንኛውም ኩባንያ የዓርማውን ልኬትና የቀለሙን ቁጥር በመመሪያ ይደነግጋል። የጄኔቫ ስምምነቶች ግን የመስቀሉን ክንድ ርዝመት፣ የቀዩን ዓይነት፣ የጨረቃውን አቅጣጫ ሆን ብለው ሳይወስኑ ትተውታል። አምስት እኩል ካሬዎችን ገጣጥሞ መስቀል መሥራት ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልኬት ቢደነገግ ኖሮ ሆስፒታል የደበደበ አዛዥ “የመስቀሉ ክንድ አጥሮ ነበር” ብሎ በተከራከረ ነበር። ከአንሶላ ተቀድዶ በችኮላ ቀለም የተቀባ ባንዲራም በማተሚያ ቤት ከታተመው እኩል ይጠብቃል። የምልክቱን ጉልበት ከውበቱና ከልኬቱ ነጥሎ ስምምነቱ ላይ ብቻ ያቆመ ሕግ ነው።

ሁለት የተገለበጡ ባንዲራዎች

ከ1864 በፊት የጦር ሐኪሞች ምልክት እንደየአገሩ ይለያይ ነበር። የኦስትሪያ ነጭ፣ የፈረንሳይ ቀይ፣ የስፔን ቢጫ ነበር። ወታደሩ የራሱን እንጂ የጠላቱን የሕክምና ባንዲራ አያውቅም። በሰኔ 1859 ሶልፌሪኖ ላይ የቆሰሉት ሜዳ ላይ ተጥለው ያየው የጄኔቫው ነጋዴ ሄንሪ ዱናን የጻፈው ማስታወሻ እንቅስቃሴውን ወለደ፤ በጥቅምት 1863 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡት ተወካዮች በነጭ የክንድ ማሰሪያ ላይ ቀይ መስቀል እንዲሆን ወሰኑ፤ በነሐሴ 1864 የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት ይህንኑ ሕግ አደረገው።

ለምን መስቀል እንደተመረጠ በጊዜው የተጻፈ ማብራሪያ የለም። ለስዊዘርላንድ ክብር ሲባል የባንዲራዋን ቀለማት በመገልበጥ የተገኘ ነው የሚለው ቃል በስምምነቱ ውስጥ የገባው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1906 ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መስቀሉ የሃይማኖት ምልክት ነው የሚለው ተቃውሞ ተነሥቶ አድሯል። ስለዚህ ማብራሪያው የንድፉ መነሻም የተቃውሞው መልስም ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ሁለቱንም።

ተቃውሞው የመጣው ከኦቶማን ግዛት ነው። ኢስታንቡል ስምምነቱን በ1865 ያለ ቅሬታ ተቀብላ ነበር። በኅዳር 1876፣ ከሰርቢያ ጋር በምትዋጋበት ወቅት፣ መስቀሉ የሙስሊም ወታደሮችን ስሜት የሚነካ በመሆኑ የራሷ ሐኪሞች ቀይ ጨረቃ እንደሚያደርጉ አስታወቀች፤ የጠላትን ቀይ መስቀል ግን እንደምታከብር ጨመረች። በቀጣዩ ዓመት ከሩስያ ጋር በተደረገው ጦርነት አሠራሩ በጊዜያዊነት ተቀባይነት አገኘ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፤ የኦቶማን ባንዲራ በቀይ መደብ ላይ ነጭ ጨረቃና ኮከብ ነው፤ ኮከቡን ትቶ ቀለሙን መገልበጥ ቀይ ጨረቃን ይሰጣል። ስዊዘርላንድ ላይ የተሠራው ሥራ ኢስታንቡል ላይ ተደገመ። የፋርስ ቀይ አንበሳና ፀሐይም ከመንግሥት ዓርማ የተወሰደ ነው። “ሃይማኖት” የተባለው ክርክር ከሥሩ ሲታይ “የማን ባንዲራ?” የሚል የሉዓላዊነት ክርክርም ነበረበት።

ልዩነቱን በዓይን ማረጋገጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አይከብድም። የላሊበላ ወይም የጎንደር የመጾር መስቀል በሐረግ የተጠላለፈ፣ ቀዳዳና ጠርዙ ሁሉ ትርጉም የተጫነበት ሥራ ነው። ከዚያ አጠገብ አራት ክንዱ እኩል የሆነ፣ ጌጥ የሌለው ቀይ ቅርጽ ቢቀመጥ ምእመኑ እንኳ የቤተ ክርስቲያን መስቀል ነው ብሎ ሊሳለመው አይነሣም። ይህ ማለት ግን ሙስሊሙ ጎረቤቱ መስቀል አያይበትም ማለት አይደለም። ቅርጹን የሚያነበው ከራሱ ታሪክ ተነሥቶ ነው፤ ንድፍ አውጪው “አላሰብኩትም” ቢል አይረዳውም።

በሩን ለመዝጋት የተደረገ ሙከራ

አንድ ልዩነት ከተፈቀደ በኋላ ሌላው ተከተለ። ሲያም በ1899 ቀይ ነበልባል ጠየቀች። አፍጋኒስታን በ1935 የመስጊድ ሚህራብ የመሰለ ቀይ ቅስት፣ በየጊዜው ደግሞ ሊባኖስ ቀይ ዝግባ፣ ሱዳን ቀይ አውራሪስ፣ ዛየር ቀይ በግ አቅርበዋል። ዝርዝሩ ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን በሌሊት፣ በጭስ መካከል፣ በብዙ ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ያለ አብራሪ አውራሪስን ከበግ እንዲለይ መጠበቅ ምን እንደሆነ ማሰብ በቂ ነው።

የ1929 ጉባኤ መካከለኛ መንገድ ያዘ። ቀይ ጨረቃና ቀይ አንበሳ ከነፀሐይ ዕውቅና አገኙ፤ ግን አስቀድመው ይጠቀሙባቸው ለነበሩ አገሮች ብቻ። የተከፈተው በር በዚያው እንዲዘጋ ታስቦ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ነጻ የወጡ ብዙ አገሮች ጨረቃን መርጠው ገቡ፤ አንዳንዶቹ ከመስቀል ወደ ጨረቃ ተሻገሩ። ፓኪስታን በ1974፣ ማሌዥያ በ1975፣ ባንግላዴሽ በ1988 ቀየሩ። የኢንዶኔዥያ ማኅበር አልቀየረም። የሕዝብ ሃይማኖት ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ እነዚህ አገሮች ባልተለያዩ ነበር። የሚወስነው በዚያ ወቅት መንግሥቱ ራሱን ለዓለም በምን መልክ ማሳየት እንደፈለገ ነው። ኢራንም የዚሁ ማስረጃ ናት፤ አንበሳና ፀሐይ የንጉሡ ሥርዓት ምልክት ስለነበር እስላማዊው ሪፐብሊክ በ1980 ትቶት ወደ ጨረቃ ገባ፤ መልሶ የመጠቀም መብቱን ግን አልሰረዘም። አንበሳው ዛሬም በሕግ ጥበቃ ሥር ነው፤ የሚያደርገው ባይኖርም።

ትልቁ ስንጥቅ የመጣው በ1949 ነው። እስራኤል የማኅበሯን፣ የማጌን ዳቪድ አዶምን፣ ቀይ የዳዊት ኮከብ ለማስመዝገብ ጠይቃ በጣም ጠባብ በሆነ የድምፅ ልዩነት ተሸነፈች። ምክንያት የተባለው ምልክት ይበዛል የሚል ነው። ምክንያቱ እውነት ነበር፤ ግን ሁለቱ ከገቡ በኋላ ሦስተኛውን በመርህ ስም ማስቀረት አድልዎ መምሰሉ አልቀረም። በዚህ የተነሣ ማጌን ዳቪድ አዶም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከንቅናቄው ውጪ ቆየ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ይህን በመቃወም ከ2000 ጀምሮ ለብሔራዊ ማኅበራቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሚከፍለውን መዋጮ ሲይዝ ጉዳዩ የበጀት ጉዳይም ሆነ። ለጄኔቫ ጥድፊያ ከመርህ ክርክሩ ይልቅ ይህ ሳይረዳ አልቀረም።

ክሪስታሉ እንዴት ተሠራ

ለንድፍ ባለሙያዎች የተሰጠው ትእዛዝ በዓይነቱ ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ደንበኛ ትርጉም የሞላበት ዓርማ ይጠይቃል፤ እዚህ የተጠየቀው ምንም ሃይማኖታዊ፣ ብሔራዊም ሆነ ፖለቲካዊ ትርጉም የሌለው ሥዕል ነው። ከሩቅ ከጨረቃና ከመስቀል እኩል እንዲታይ፣ በእጅም እንዲሣል ቀላል እንዲሆን፣ መሐሉም ክፍት እንዲሆን ተፈለገ። የተገኘው መልስ በነጭ መደብ ላይ በማዕዘኑ የቆመ፣ ወፍራም ቀይ ጠርዝ ያለው ካሬ ነው።

መሐሉ መከፈቱ የፖለቲካው ቁልፍ ነው። ለጥበቃ ሲውል ባዶ ይሆናል፤ ለመታወቂያነት ሲውል ግን ማኅበሩ የራሱን ምልክት በውስጡ ማስቀመጥ ይችላል። መስቀልና ጨረቃን አንድ ላይ መክተትም ይፈቀዳል፤ የኤርትራ ዓይነት ጥያቄ መውጫ አገኘ ማለት ነው። ሌላ ምልክት ደግሞ መግባት የሚችለው ክሪስታሉን ሕጋዊ ያደረገው ተጨማሪ ስምምነት (ፕሮቶኮል) ከመጽደቁ በፊት በሥራ ላይ የነበረና የተመዘገበ ከሆነ ብቻ ነው። ዝግባውና አውራሪሱ እንዳይመለሱ በሩ በዚህ አንቀጽ ተዘጋ። በ1929 ያልሠራው መቆለፊያ በዚህኛው የተሻለ የሠራው ገለልተኛ ክፍል ተዘጋጅቶ ስለቀረበ ነው።

ድርድሩ ግን ስለ ቅርጽ ብቻ አልነበረም። በታኅሣሥ 2005 ጄኔቫ ላይ የተጠራው ጉባኤ በስምምነት ሊያልቅ ታስቦ ነበር፤ በጎላን ኮረብታዎች የሕክምና አገልግሎት ጉዳይ ሶሪያና እስራኤል ስላልተስማሙ ወደ ድምፅ ተኬደ። 98 ደገፉ፣ 27 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በመግባባት ሊወጣ የታሰበው ሕግ በተከፈለ ድምፅ ወጣ። በሰኔ 2006 ማጌን ዳቪድ አዶምና የፍልስጤም ቀይ ጨረቃ በአንድ ቀን አባል ሆኑ፤ “ቀይ ክሪስታል” የሚለው ስምም ያን ጊዜ ጸደቀ። ፕሮቶኮሉ በጥር 2007 ሥራ ላይ ዋለ።

ክሪስታሉ የአባልነትን ቋጠሮ ፈትቷል። በምልክትነቱ ግን ደካማ ነው ብል አልሳሳትም። የመጀመሪያው ድካም የሚያውቀው ሰው ማነሱ ነው። የመስቀሉ ኃይል ከ1864 ጀምሮ በሰው አእምሮ የተጠራቀመ ነው፤ ክሪስታሉ ያንን ከዜሮ መጀመር አለበት፣ የሚያስተምርለት ሠራዊትና የሚለብሰው ማኅበር ደግሞ ብዙ የለውም። ሁለተኛው ብዙ ያልተወራለት ነው። ቤንዚን፣ አሲድ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት የያዘ ዕቃ ላይ የሚለጠፈውን ዓለም አቀፍ የኬሚካል አደጋ ምልክት ልብ ያለ ሰው ነጭ መደብ፣ ቀይ ጠርዝ፣ በማዕዘኑ የቆመ ካሬ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ሥዕል ያያል። በክሪስታሉ ውስጥ ሌላ ምልክት ሲገባ መመሳሰሉ ይብሳል። አንዱ “ይህ ይጠበቅ”፣ ሌላው “ከዚህ ራቅ” ይላል። ትርጉም አልባ ተብሎ የተመረጠው ቅርጽ ሌላ ሙያም የያዘው ሆኖ ተገኘ። በምልክት በተሞላ ዓለም ውስጥ ባዶ ቅርጽ ማግኘት የሚታሰበውን ያህል ቀላል አይደለም።

አብራሪው ምልክቱን ያውቅ ነበር

የባህል ስሜትን የመጠበቅ ክርክር አንድ ግምት ይዞ ይነሣል፤ ሰዎች ምልክቱን የሚጥሱት ስላልገባቸው ወይም የባዕድ ስለመሰላቸው ነው የሚል። የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ግምት ክፉኛ ይፈትነዋል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሦስት ወር ሲቀረው ነው። በታኅሣሥ 6 ቀን 1935 ደሴ ስትደበደብ ጣሪያው ላይ ቀይ መስቀል የተቀባበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ተመታ። በታኅሣሥ 30 ቀን በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ ድንኳኑን በቀይ መስቀል ምልክት አድርጎ የሰፈረው የስዊድን የሕክምና ቡድን በቦምብ ወደመ፤ በሽተኞች በአልጋቸው አለቁ። በመጋቢት 1936 ቆረም አጠገብ የእንግሊዞቹ አምቡላንስ ተራው ደረሰው። ቦምብ የጣሉት አብራሪዎች ያደጉት መስቀልን በየአደባባዩ በሚያዩበት አገር ነው፤ መንግሥታቸውም ከስምምነቱ ቀደምት ፈራሚዎች አንዱ ነበር። ምልክቱ ለእነሱ ባዕድ አልነበረም። ሮም ካቀረበቻቸው ማመካኛዎች ዋነኛው ኢትዮጵያውያን ዓርማውን ጦርና ስንቅ ለመደበቅ ተጠቅመውበታል የሚል ነው።

የዚህ ማመካኛ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። ምልክቱን ለመጣስ የሚፈልግ ወገን መስቀሉን በቀጥታ አያጠቃም፤ “ያላግባብ ተሠራበት” ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትንሽ ያላግባብ አጠቃቀም ለነገ ክስ መነሻ ይሆናል። በሐምሌ 2008 የኮሎምቢያ ወታደሮች ፖለቲከኛዋን ኢንግሪድ ቤታንኩርንና ሌሎች ታጋቾችን ከሽምቅ ተዋጊዎች ሲያስለቅቁ አንዱ የቀይ መስቀል ምልክት ማድረጉ በኋላ ታመነ። ውጤቱ በዓለም የተጨበጨበለት ነው፤ ዋጋውን ግን ከዚያ በኋላ በዚያው ጫካ ቆስለኛ ለማውጣት የሚሄድ እውነተኛ የቀይ መስቀል ሠራተኛ ይከፍላል። በጥቅምት 2003 ባግዳድ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ቢሮ የተመታው ፈንጂ በተጠመደበት አምቡላንስ ነው።

በሰላም ጊዜ የሚደረገው ጥሰት ይበልጥ ጸጥ ያለ ነው። በከተሞቻችን በመድኃኒት ቤት ታፔላ፣ በክሊኒክ በር፣ በመኪና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ላይ ቀይ መስቀል ማየት የተለመደ ነው። ታፔላ ሠሪው “ሕክምና” ለማለት የሚያውቀው ምልክት እሱ ነው፤ ክፋት የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ዓርማውን ያለአግባብ መጠቀምን ያስቀጣል፤ ለመጀመሪያ ዕርዳታ ዓለም አቀፉ የደኅንነት ምልክት በአረንጓዴ መደብ ላይ ያለ ነጭ መስቀል ነው። ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ከ1887 ጀምሮ ምልክቱን በዕቃዎቹ ላይ ሲጠቀም ኖሮ በ2007 የአሜሪካን ቀይ መስቀል ራሱን ስለ ንግድ አጠቃቀም ከሰሰ፤ በዓመቱ ታረቁ። ፕሪዝን አርኪቴክት የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ አምቡላንሱ ላይ የሣላትን ጥቂት ነጥብ የምታህል ቀይ መስቀል እንዲቀይር ከእንግሊዝ ቀይ መስቀል ማሳሰቢያ ደርሶታል። ብዙዎች ሳቁ። ግን ልጅ ሆኖ ቀይ መስቀልን እንደ ሕይወት መጨመሪያ ነጥብ የለመደ ዓይን ነገ ከጠመንጃ ኋላ ሊቀመጥ ይችላል። የማሳሰቢያው አመክንዮ ይህ ነው፤ እኔ ያሳምነኛል።

ዓርማውና ከዓርማው በስተጀርባ ያለው ተቋም

ምልክቱ የራሴ ሲሆንስ? እዚህ ላይ ከቤተ እስራኤል ታሪክ አንድ ገጽ መግለጥ ይጠቅማል። በጥር 1996 የእስራኤል ጋዜጣ ማሪቭ ኢትዮጵያውያን ይሁዲዎች የለገሱት ደም በኤችአይቪ ሥጋት ሳይነገራቸው ሲጣል እንደኖረ አጋለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የፓርላማ አባል ፕኒና ታማኖ-ሻታ በዚያው ምክር ቤት ግቢ በተተከለ የማጌን ዳቪድ አዶም ጣቢያ ደም ለመለገስ ቀርባ በጤና ሚኒስቴር መመሪያ ምክንያት እንደማንኛውም ዜጋ መለገስ እንደማትችል ተነገራት። ቀዩ የዳዊት ኮከብ ለቤተ እስራኤል ባዕድ ምልክት አይደለም፤ አያቶቻቸው በጎንደር ስሟን ይዘው የኖሩላት የጽዮን ምልክት ነው። ዲፕሎማቶች ኮከቡን ክሪስታል ውስጥ ለማስገባት ዓመታት ሲከራከሩ፣ በኮከቡ ሥር ግን የማን ደም ተቀባይነት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ሌላ ቦታ፣ በመመሪያ ወረቀት ላይ ይወሰን ነበር። የምልክት ድርድር ሊፈታው የሚችለው ነገር ልክ አለው።

የማይታየው ምልክት

በጥር 2022 የዓለም አቀፉ ኮሚቴ በመረጃ ጠላፊዎች ተመታ፤ በጦርነትና በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን ለማገናኘት የተሰበሰበ ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ተጋለጠ። አንድ አሮጌ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሣ። ሆስፒታል ጣሪያ ላይ መስቀል ይቀባል፤ የሆስፒታሉ ሰርቨር ላይ ምን ይቀባል? ኮሚቴው በኅዳር 2022 ስለ “ዲጂታል ዓርማ” ያወጣው ሰነድ መልሱን መፈለግ ጀመረ፤ በጥቅምት 2024 ጄኔቫ የተሰበሰበው 34ኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤም ሥራው እንዲቀጥል አበረታታ። ከቀረቡት አማራጮች አንዱ ምልክቱን በድረ ገጽ አድራሻ ሥርዓት ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ሌላው በምስጢራዊ ፊርማ የተረጋገጠ የምስክር ወረቀት ነው። አጥቂው ፕሮግራም ከመግባቱ በፊት ያነበውና ይመለሳል ተብሎ ይታሰባል።

ለባህል ክርክሩ ይህ ትልቅ ለውጥ ይመስላል። ኮምፒውተር መስቀልም ጨረቃም አያይም፤ የሚያነበው የቁጥርና የፊደል መስመር ነው። ትርጉም የሌለው ምልክት ፍለጋው እዚህ የሰመረ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለት አሮጌ ችግሮች ተከትለውት ገብተዋል። የመጀመሪያው የመታየት ዋጋ ነው። አዛዦች ጣሪያ ላይ ያለውን መስቀል ጠላት ጦሩ የሰፈረበትን ያውቅብናል ብለው በጨርቅ ያስሸፈኑበት ጊዜ አለ፤ ዲጂታል ዓርማም ሆስፒታሎችን ለሚያከብር ጠላፊ ማስጠንቀቂያ፣ ለማያከብር ደግሞ የተዘጋጀ የዒላማ ዝርዝር ነው። ቤዛ የሚጠይቁ የመረጃ ዘራፊዎች ሆስፒታልን የሚመርጡት ቶሎ ስለሚከፍል መሆኑ ሲታሰብ ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሁለተኛው፣ የከበደውም፣ ፊርማውን ማን ይሰጣል የሚለው ነው። በጄኔቫ ስምምነቶች ዓርማውን ለጥበቃ የመጠቀም ፈቃድ በመንግሥትና በጦር ባለሥልጣን እጅ ነው። አንሶላ ቀድዶ ቀይ ቀለም መቀባት ግን የማንንም የይለፍ ቃል አይጠይቅም። የምስክር ወረቀት ግን ሰጪ አለው፣ የሚነፈግም አለው። መንግሥት በማይቆጣጠረው አካባቢ ያለ ክሊኒክ ከማን ይቀበላል?

ወዴት ያመራል?

በቅርብ ዓመታት የሚጠበቀው አሁን ያለው ሁኔታ መቀጠሉ ነው፤ መስቀልና ጨረቃ በየአገራቸው ይቆያሉ፣ ክሪስታሉ በተጠባባቂነት ይቀመጣል። የሕክምና ክፍሎች ለጊዜው፣ ለጥበቃ የሚያስፈልግ ሲሆን ምልክታቸውን መቀየር እንዲችሉ ፕሮቶኮሉ ፈቅዷል። መስቀልም ጨረቃም ወገንተኛ የሚያስመስል የሃይማኖት መልክ ባለው ግጭት ውስጥ ይህ አማራጭ ዋጋ አለው። የሚሠራው ግን ኬላ ላይ ያሉት ተዋጊዎች ክሪስታሉን አስቀድመው የሚያውቁት ከሆነ ነው፤ የሚያስተምራቸው አካል ደግሞ እስካሁን ጎልቶ አልታየም። ሰላም ባለበት ጊዜ ያልተማሩት ምልክት ጦርነት ውስጥ አይሠራም።

ክሪስታሉ ሁለቱን ተክቶ አንድ ዓለም አቀፍ ምልክት ይሆናል የሚለው ተስፋ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ያምራል። የሚያስከፍለው ግን የመስቀሉንና የጨረቃውን ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸ ታዋቂነት ነው፤ ይህንን ዋጋ ለመክፈል የተነሣ መንግሥት አላየሁም፤ የሚነሣም አይመስለኝም። ምልክቶች እንደገና የሚበዙበት ሁኔታም ጠባብ ነው፤ የ2005ቱ መቆለፊያ እስካሁን ይዟል።

እንደ ኢትዮጵያ ላለ፣ መስቀልና ጨረቃ በአንድ ሰፈር ለሚኖሩበት አገር ጥያቄው ይለያል። የኢትዮጵያ ማኅበር መስቀሉን ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ይዞታል። ይህ ቢቀየር ይሻላል ወይ ለሚል ሰው የኢንዶኔዥያና የባንግላዴሽ መንገዶች ሁለቱም ክፍት ናቸው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ምልክቱን የተሸከመው ሰው በየመንደሩ በማን ቋንቋ እንደሚናገር፣ በጎ ፈቃደኞቹ ከየትኛው ወገን እንደተመለመሉ፣ አምቡላንሱ ለማን ቶሎ እንደሚደርስ ነው። ለዚህ ምንም ዓይነት የቀለም ብሩሽ አያስፈልግም። ብሩሽ የሚያስፈልገው ለታፔላው ጉዳይ ነው፤ መድኃኒት ቤቶችና ክሊኒኮች ወደ አረንጓዴው እስኪዞሩ ድረስ ቀዩ ምልክት በሕዝብ ዓይን “ሕክምና ይሸጣል” ከሚለው ትርጉም አይላቀቅም። ሕጉ አለ፤ የጎደለው የንግድ ፈቃድ ሲታደስ ታፔላውን አይቶ የሚያስተካክል ሠራተኛ ነው።

የዲጂታሉ ዓርማ ውጤት ግን ገና ክፍት ነው። መሐንዲሶቹ ቴክኒኩን እንደሚጨርሱት አያጠራጥርም። የሚያዘገየው በ1949 ያዘገየው ነው፤ ማን ዕውቅና አለው፣ ማንስ ይሰጣል። ያን ጊዜ ክርክሩ በኮከብ ስም ተካሄደ። አሁን ሥዕል ስለሌለ ክርክሩ ያለ ሽፋን፣ በምስክር ወረቀት ሰጪዎች ዝርዝር ላይ ይካሄዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ተጋጪዎችም መንግሥታቸው በከፊል የማይገዛቸው አካባቢዎች ያሏቸው አገሮች ይሆናሉ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በኛው ቀጣና ይገኛሉ።